«ከበደ ማለት ከባድ» ተብሎ አይታለፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን የምጽፈው «የስሞቻችን ትርጉም» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዝርዝር አንብቤ ነው። በግራ ስም፣ በቀኝ አንድ ቃል ትርጉም አድርጎ መደርደር ለአልማዝና ለብርቱካን ይበቃ ይሆናል። ለአብዛኛው የአማርኛ ስም ግን አይበቃም፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያሳስታል። «ማንደፍሮ» ፊት ለፊት «ደፋር» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ ግን «ማን ደፍሮ?» የሚል ጥያቄ ነው። የሚደፍር ጠላት የለም ተባለ እንጂ ልጁ ደፋር ነው የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። «ከበደ»ም «ከባድ» ከተባለ ሚዛን ላይ የወጣ ዕቃ ይመስላል፤ በስሙ ያለው መክበድ በሰው ፊት ግርማ ማግኘት፣ አለመደፈር ነው።

የአማርኛ ስም ብዙውን ጊዜ የተነገረ ነገር ነው። የተናገረው ሰው አለ፣ የተነገረለት አለ፣ ያናገረው ጉዳይ አለ። ስለዚህ ስም መፍታት የፈለገ ሰው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ስሙን ድምፁን አውጥቶ ይጥራውና ግሱን ይፈልግ። ከዚያ አነጋገሩን ይይ፦ «ሆነ» ነው፣ «ይሁን» ነው ወይስ «ሁን»? መጨረሻ ላይ የተቀጠለችውን ቅጥያም አይለፋት። ማን ማንን እንደሚያናግር የምታሳብቀው እሷ ናት።

በ«ሆነ» የሚነገሩት እጅግ ብዙ ናቸው፦ አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ደመቀ፣ ደረጀ፣ አየለ፣ ለማ፣ ተሰማ፣ ተፈራ። ለሴት ሲሆን አበበች፣ በቀለች፣ ከበደች እየተባለ ይሄዳል። ገና የተወለደ ሕፃን እንዴት «ተፈራ» ይባላል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ምኞቱ እንደተፈጸመ ተደርጎ ስለሚነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያበበው ሕፃኑ ሳይሆን ቤቱ ነው፤ የታደሰውም ልጁ ሳይሆን የወላጆቹ ተስፋ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በውጭ አገር እስከ ዛሬ «ቢቂላ» እየተባለ ይጻፋል። ቢቂላ የአባቱ ስም ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ያው የኛው «በቀለ» ነው። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ። በሁለት ቋንቋ እንዲህ ተያይዞ የሚሄድ ስም በአንድ ቃል ትርጉም ሰንጠረዥ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም።

«ይልማ»ና «ይርጋ» ምርቃት ናቸው። «ይለማል» ቢሆን ትንቢት በሆነ ነበር፤ እንደ «ይበልጣል»። በትእዛዝ የሚነገሩት ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። ጥላሁንና ካሳሁን ለራሱ ለልጁ የተነገሩ ናቸው፤ ጥላ ሁነኝ፣ ካሳ ሁነኝ። ግዛቸው፣ ጣሰው፣ ናደው፣ በላቸው ግን የጦር ሜዳ ቃል ናቸው። የሚገዙትና የሚመቱት «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ስሙ አይናገርም፤ ስም ያወጣው ሰው ያውቃቸዋል። ሺፈራውንና ሺመልስንም ከእነዚሁ ጋር መድቧቸው፤ አንዱን ሺ ሰው ፈራው፣ ሌላው ሺ ሰው ይመልሳል።

እዚህ ላይ ፊደላችን ራሱ የሚደብቀው ነገር አለ። ማጥበቅና ማላላት አይጻፍም። «በላቸው» ሲላላ «በል፣ ምታቸው» ነው፤ «ላ» ከጠበቀ «ዋጣቸው» ይሆናል። «አለሙ» ሲላላ «ዓለሙ» ነው፣ የእሱ ዓለም፤ ሲጠብቅ «አሰቡ፣ አለሙ» ነው። «ስማቸው» ደግሞ የእነሱ ስም ይሁን ወይስ «አድምጣቸው» በጽሑፍ አይለይም። እንዲህ ያለውን ስም ያለ ባለቤቱ ወይም ያለ ቤተሰቡ ቃል ቁርጥ አድርጎ መፍታት ድፍረት ነው፤ ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል።

በ«አየሁ» የሚያልቁትን ብዙ ሰው ያበላሻቸዋል። ስንታየሁ፣ እጅጋየሁ፣ ዓለማየሁ፤ ያየው ልጁ አይደለም፣ እናት ወይም አባት ናቸው። ስንታየሁ ያለች እናት ስንት መከራ እንዳየች ነው የተናገረችው። «ዓለም ማየት» በአማርኛ አገር መዞር ሳይሆን መደሰት፣ ተድላ ማግኘት ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ከመቅደላ በኋላ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 እዚያው ስላረፈ፣ ስሙን ከስደቱ ጋር አያይዞ «ዓለምን ያየ» ብሎ መፍታት ይቀናል። በስሙ ውስጥ ደስ ያለው ግን አባትዬው ነው።

የሐዘን ስሞች ለብቻቸው ገጽ ይገባቸዋል፤ እናንተ በአንድ መስመር አልፋችኋቸዋል። ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳዬ፣ ማስረሻ፣ መርሻ። ፊት የተወለደው ልጅ ሞቶ፣ ወይም እናቱ ነፍሰ ጡር ሳለች አባቱ ሞቶ፣ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ደርሶ የሚወጡ ናቸው። «ማስረሻ» ማለት የሚረሳ ሰው አይደለም፤ ሐዘን የሚያስረሳ ነው። «ካሳ» ደግሞ ፍርድ ቤት የሚወሰን ክፍያ አይደለም። ሁለት ነገሥታት ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር፤ በ1847 ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሳ ኃይሉና በ1864 አራተኛው ዮሐንስ የሆኑት ካሳ ምርጫ። ከእነዚህ ሁሉ አንጀት የሚበላው «ቢያድግልኝ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንኳ አላለቀም። ቢያድግልኝ ምን? እናትየው አልጨረሰችውም። ዛሬ ድምፁ ደስ ስላለው ብቻ ለበኩር ልጁ «ምትኩ» የሚል ወላጅ የሰፈር ሽማግሌዎች «ማንን ተክቶ ነው?» ብለው ቢጠይቁት አይገረም።

ወደ ግዕዙ ስንሄድ ሕጉ ሌላ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ የምትቀበለው ስም ሁለት ክፍል አለው። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ አመተ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ኪዳነ፣ ፍቅረ፣ ሀብተ የመጀመሪያው ክፍል ናቸው፤ ሁሉም «የ...» ብለው ሌላውን ይጠብቃሉ። ገብረ «አገልጋይ» አይደለም፣ «የ... አገልጋይ» ነው። ማርያም ወይም መድኅን ካልተከተለው አየር ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ከቀኑ ጋር ይሄዳል፦ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ይህ ስም ለቁርባንና ለፍትሐት ነው፤ ጠላት እንዳያውቀው ተብሎ በአደባባይ የማይጠሩት ብዙ ናቸው። እቴጌ ምንትዋብን ውሰዱ፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ፣ ሕዝብ የሚያውቃት ግን «ምን ትዋብ!» በሚለው አድናቆት ነው። ሦስቱም የአንድ ሴት ናቸው፤ ሦስቱም ቦታ ቦታ አላቸው።

መጨረሻው ኤ የሆነ ስም ሁሉ ደግሞ «የኔ» ማለት አይደለም። ንጉሤ፣ ዘውዴ፣ ደጀኔ፣ ዋሴ በእርግጥ የኔ ንጉሥ፣ የኔ ዘውድ፣ የኔ ደጀን፣ የኔ ዋስ ናቸው። ገብሬ፣ ወልዴ፣ ተክሌ፣ ኃይሌ ግን ብዙ ጊዜ የረጅሙ ስም ማቆላመጫ ናቸው፤ ኃይሌ ከኃይለ ማርያምም ከኃይለ ሥላሴም ሊመጣ ይችላል። ትግርኛ የሆነውን «ተስፋይ» «ተስፋዬ» እያላችሁ ማረም ደግሞ ተዉ። ትግርኛ «የኔ» የሚለው በ«ይ» ነው፤ ግርማይ፣ ተስፋይ ትክክል ናቸው። ጎይቶም የኛው ጌታቸው መሆኑን፣ የአፋን ኦሮሞው ገመቹም በትርጉም የ«ደስታ» ወንድም መሆኑን ብትጽፉ አንባቢ ይጠቀም ነበር። የወሎውን ሙሄና አመዴንም «ያልታወቀ» ብላችሁ አልፋችኋል፤ ሙሐመድና አሕመድ በአገሬው አፍ ናቸው፤ ይማምም ኢማም ነው።

የፊደሉ ነገር ቀልድ አይደለም። «ሠረቀ ብርሃን» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ብርሃን ወጣ፣ ፈነጠቀ ነው። በእሳቱ ሰ ከጻፋችሁት ብርሃንን ሌባ አደረጋችሁት። «መሐሪ» በሐመሩ ሐ ይቅር ባይ ነው፤ በሃሌታው ሀ አስተማሪ ይሆናል። በድምፅ ልዩነት ስለሌለ ዛሬ ሁሉም እንደመጣለት ይጽፋል፤ ችግሩ የሚመጣው ኮምፒውተር ላይ ነው። «ፀሐይ» የምትባል ሴት ስሟ በሁለቱ ፀ/ጸ እና በስድስቱ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ማሽኑ ደግሞ 12 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ነው የሚያያት። መዝገብ ላይ «የለሽም» የሚባለው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለውን ፊደል ይዞ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ፓስፖርትም ላይ እሱኑ ማስጻፍ፤ ጸሐፊው ከመፈረሙ በፊት ፊደል በፊደል ማየት።

ስለ እንስሳት ስም በሚቀጥለው እትም ለመጻፍ ካሰባችሁ በሬን፣ ፈረስንና ውሻን አንድ ላይ አትጨፍልቁ። የአወጣጥ ሕጋቸው ለየቅል ነው።

የበሬ ስም መልክ ነው። ገበሬው ሁለት በሬ ጠምዶ ጅራፉን ይዞ ሲያርስ የሰነፈውን አንዱን ብቻ መጥራት አለበት፤ ስለዚህ ስሙ ዓይን ከሚያርፍበት ነገር ይወጣል። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው፣ ዳለቻ አመድማ፣ ቡሬ ቡራቡሬ፣ ወይኖ ወደ ወይን ጠጅ መልክ የሚያደላ። በተረት የምትታወቀው ላሜ ቦራም ስሟ ከግንባሯ ነው። ፈረስም በመልኩ ይጠራል፤ ዳማ፣ ጉራች፣ ነጩም አምባላይ። የጦር ፈረስ ግን ከዚህ በላይ ስም ይወጣለታል፤ ጌታውም በፈረሱ ይጠራል። «አባ» እዚህ ላይ መነኩሴ አይደለም፣ የፈረሱ ባለቤት ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ተፈሪ መኮንን አባ ጠቅል። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ጠቅል ትእዛዝ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ለሰው ከወጡት ከግዛቸውና ከጣሰው ጋር አንድ ሰዋስው ነው። ባህሉ የአማራ ብቻም አይደለም፤ የጅማዎቹ አባ ጅፋርም የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው።

የፈረስ ስም ከፈረሱም ከጌታውም አልፎ ይኖራል። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ነበር። ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሆነው ወደ ኮሪያ የላኩት ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ሰፈርም ቃኘው ይባል ነበር። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ የጦር አዛዥ ይመስለዋል።

ውሻ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። በእኛ አገር የሰው ስም ለውሻ ማውጣት ነውር ነው፤ ጎረቤትህ አየለ ከሆነ ውሻህን አየለ ብለህ ጠርተህ በሰላም አታድርም። የመልአክና የጻድቅ ስምማ አይታሰብም። ጃክ፣ ቦቢ፣ ሌሲ በየግቢው የበዙት ለዚህ ነው፤ ፈረንጅ ስለወደድን ሳይሆን በሰፈሩ ማንም የማይጠራበት ስም ስለሆነ። አጭር መሆናቸውም ይረዳል፤ ከአጥር ማዶ ሲጮህ ይሰማል። ያም ባይሆን ቡቺ አለ፣ ለድመትም ውሮ፤ እነዚህ ስም ከመሆን ይልቅ መጥሪያ ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ውሻ ስም፣ ሉሉን፣ ከግዕዙ «ሉል» ጋር አያይዞ «ዕንቁ» ብሎ መፍታት ያምራል፤ ግን ሉሉ ብዙ ሕዝብ በየቋንቋው የሚያቆላምጥበት ድምፅ ስለሆነ እንዲያ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

በዝርዝራችሁ ውስጥ «ግዕዝ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው አዳዲስ ስሞች አሉ። አንድ ስም ግዕዝ ነው ለማለት ሥሩ መገኘት አለበት፤ ሦስት ወይም አራት ፊደል ያለው ግስ ወይም ከእሱ የወጣ ስም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948ቱን መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት ነው፤ ሥሩን ያላገኛችሁለትን «ግዕዝ» አትበሉት። «ማራናታ» አረማይክ ነው፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥22 ይገኛል። አማኑኤል ዕብራይስጥ ነው። ቴዎድሮስ ግሪክ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ማርቆስ፣ ዮሐንስ መጨረሻቸው «ስ» የሆነው መጽሐፉ በግሪክ በኩል ስለመጣልን ነው። ግዕዝ አለመሆናቸው አያሳንሳቸውም።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ዓምድ ብትሰጡ ከትርጉሙ በላይ የሚጠቅማቸው አጻጻፉ ነው። የኛ አጠራር የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ይወርዳል፤ የውጭው ቅጽ ግን የሚወረስ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የገባ ቤተሰብ መጀመሪያ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ተቀምጦ ይወስን፦ ለልጆቹ የሚወርደው የአባት ስም ነው ወይስ የአያት? ካልወሰነ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በተለያየ የቤተሰብ ስም ይመዘገቡና በየአየር ማረፊያው «ልጅህ መሆኑን በምን ታረጋግጣለህ» ይመጣል። ሁለተኛ፣ ገብረማርያምን በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት በአንድ ቃል ይጻፈው፤ ክፍት ቦታ ካየ ማሽኑ «ገብረ»ን መሐል ስም፣ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ወንዱ ልጅም ሚስተር ማርያም ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ አንድ የላቲን አጻጻፍ ይምረጥ። በቀለን አንዱ በሦስት «ኢ» (e)፣ ሌላው በ«ኤ» (a) ከጻፈው፣ ፀሐይንም አንዱ በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ ዜድ» ከጀመራት፣ ወንድማማች መሆናቸውን ወረቀቱ አያውቅም። እስራኤል በ1977ና በ1983 የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ሌላ ነገር ደርሶባቸዋል፤ ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸው፣ የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ከጋዜጣው ራሱ እጠይቃለሁ። ገ/፣ ወ/፣ ተ/፣ ኃ/ እያላችሁ በእዝባር መቁረጡን ተዉት። ወ/ማርያም ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? ወንድና ሴት እኮ ነው ልዩነቱ። ተ/ ተክለም፣ ተስፋም፣ ተወልደም ይሆናል። ፍ/ ፍቅረም ፍሥሐም ነው። የኮምፒውተር ቅጽ እዝባር ስለማይቀበል ጸሐፊው ይሰርዘዋል፤ ሰውዬው «ገማርያም» ሆኖ ይመዘገባል፣ ለማስተካከልም ፍርድ ቤት ይመላለሳል። የምትቆጥቡት ሁለት ፊደል ነው፤ ሙሉውን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
አዲስ አበባ